ኳስ ለለመደ ሰው፦ የአውሮፓ ራግቢ ዋንጫን አንድ ሲዝን እንዴት መከታተል ይቻላል

እኔ ያደግኩት በኳስ ነው። ራግቢን ያወቅኩት ደብሊን መጥቼ ሆቴል ወጥ ቤት ሥራ ስጀምር ነው። አጠገቤ የምትሠራው ሴትዮ የሊመሪክ ልጅ ነበረች፤ ሊመሪክ ሌላ የአየርላንድ ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ ድንች እየላጥን ስለ ማንስተር፣ ስለ ራግቢ ቡድኗ፣ ታወራልኛለች። እኔ ማንቸስተር ያለች እየመሰለኝ ስለ ሩኒ እመልስላታለሁ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ሳንግባባ ተግባባን።

አሁን ጀማሪ ሲጠይቀኝ የምመክረው ያኔ ቢነግሩኝ የምወደውን ነው። (ቀኖቹም፣ ወሮቹም፣ ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉን ለማጥናት አትነሱ። ብዙ ነው፣ ያሰለቻል። ስክረሙ (የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ተቃቅፈው የሚገፋፉበት) ሲፈርስ ዳኛው ለምን ወደዚያኛው ቡድን እጁን እንደዘረጋ እኔ ዛሬም አይገባኝም። እናንተ ሂሳቡን ያዙ። ኳሷን ይዞ ከመጨረሻው መስመር አሻግሮ መሬት ያስነካ 5 ነጥብ ያገኛል፤ ትራይ ይባላል። ከትራይ በኋላ ኳሷን በሁለቱ ቋሚዎች መሃል፣ ከአግዳሚው በላይ ካሳለፈ 2 ይጨመርለታል። ቅጣት ምት 3 ነው። በጨዋታ መሃል መሬት አንጥሮ መትቶ ያሳለፈም 3። ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ ጭንቅላታችሁ ውስጥ መቅረት ያለበት ቁጥር 7 ነው፤ 5 ሲደመር 2። ልዩነቱን በሰባት በሰባት ቁጠሩ። 14 ለ 0 ለኳስ ሰው የሚያሳፍር ውጤት ነው። እዚህ ግን ሁለት ጥቃት ማለት ነው። ስኮሩን ባያችሁ ቁጥር «ስንት ሰባት ቀራቸው?» በሉ። ይህቺን ጥያቄ ባለመልመዴ ምን እንዳመለጠኝ ወደ በኋላ ታያላችሁ።

ቀጥሎ የምድቡን ሰንጠረዥ ማንበብ ነው። እኔ ይሄን ውድድር የወደድኩት በዚህ በኩል ነው። ማሸነፍ 4 ነጥብ፣ አቻ 2። በዚያ ላይ ቦነስ አለ። አራትና ከዚያ በላይ ትራይ ያገባ ቡድን 1 ይጨመርለታል፣ ቢሸነፍም እንኳ። በ7 ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት የተሸነፈም 1 ያገኛል። ስለዚህ ተሸናፊው ባዶ እጁን ላይመለስ ይችላል።

መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቡድን በ10 ነጥብ እየተመራ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ቅጣት ምት አገኘ። ትራይ ፍለጋ ይሮጣሉ ብዬ ስጠብቅ ኳሷን አስቀምጠው ወደ ቋሚዎቹ መቱ። ሦስት ነጥብ። ተሸነፉ፤ ደጋፊው ግን አጨበጨበ። «እነዚህ ሰዎች ጤነኛ ናቸው?» አልኩ። ሴትዮዋ ቢላዋዋን አስቀምጣ ጣቶቿን ዘረጋችልኝ። አስሩ ወደ ሰባት ወርዷል፤ አንድ ነጥብ ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እንደዚህ ያለች አንዲት ነጥብ ጥር ላይ ሩብ ፍጻሜ ታስገባለች።

እሷ እንደ ጸሎት የምትደግመው ጨዋታ ደግሞ የጥር 2003ቱ ነው። ማንስተር የእንግሊዙን ግሎስተር በሊመሪክ፣ ቶሞንድ ፓርክ ላይ ያስተናግዳል። የመጨረሻው የምድብ ጨዋታ ነው። ለማለፍ ማሸነፍ ብቻ አይበቃም። አራት ትራይ ማግባት፣ በዚያ ላይ በ27 ነጥብ ልዩነት ማሸነፍ አለባቸው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል 26 ለ 6 ነበር። አራተኛው ትራይ ገባና 31 ለ 6 ሆነ። ልዩነቱን ቀንሱት፤ 25 ነው። ሁለት ነጥብ ይቀራል። ሮናን ኦጋራ ኳሷን አስቀመጠ፣ መታ፣ ገባች። 33 ለ 6። ልክ 27። ስሙን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ምክሬ በዘንድሮው ሲዝን አትጀምሩ ነው። ያለቀ ሲዝን ምረጡና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከተሉት። በየሳምንቱ መጠበቅ የለም፤ አንድ ምሽት ላይ ሁለት ጨዋታ ማየት ይቻላል። እኔ የምመርጥላችሁ የ2010–11ን ሃይኔከን ካፕ ነው። አዎ፣ የቢራው ስም ነው። ፈረንሳይ የአልኮል ማስታወቂያ ስለምትከለክል እዚያ ኤች ካፕ ይሉት ነበር።

የዚያ ዘመን አደረጃጀት ለጀማሪ ቀላል ነው። ከአየርላንድ፣ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከዌልስ፣ ከስኮትላንድና ከጣሊያን የመጡ 24 ቡድኖች አሉ። ስድስት ምድብ፣ በየምድቡ አራት ቡድን። እያንዳንዱ በሜዳውና ከሜዳው ውጭ ስድስት ጨዋታ ያደርጋል። ስድስቱ የምድብ መሪዎችና ሁለቱ የተሻሉ ሁለተኞች ሩብ ፍጻሜ ይገባሉ። ከዚያ ጥሎ ማለፍ ነው።

ቀኖቹን ስታዩ እንዳትደናገጡ። ይሄ ዋንጫ በየሳምንቱ የለም። ጥቅምት ላይ ሁለት ሳምንት ይጫወቱና ይጠፋሉ። ታኅሣሥ ሁለት ሳምንት፣ ጥር ሁለት ሳምንት። ከዚያ ተጫዋቾቹ ለየአገራቸው ብሔራዊ ቡድን ይሄዳሉ። ሩብ ፍጻሜው የሚመጣው ሚያዝያ ላይ ነው። በመሃል የተጎዳ አለ፣ አቋሙ የወረደ አለ። ጥር ላይ ያያችሁትን ቡድን ሚያዝያ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ።

አንድ ቡድን ያዙ፤ በዚያ ሲዝን ሌንስተርን። (ሴትዮዋ ይሄን ብታነብ ታኮርፈኛለች። የእሷ ማንስተርና የደብሊኑ ሌንስተር እሳትና ጭድ ናቸው።) ምድቡ ከባድ ነበር፤ ክሌርሞን፣ ሬሲንግና ሳራሰንስ። ታኅሣሥ ላይ ሁለቱን የክሌርሞን ጨዋታዎች አስተያዩ። አንድ ሳምንት ፈረንሳይ ሄደው 20 ለ 13 ተሸነፉ። ስንት ልዩነት ነው? ሰባት። ስለዚህ ያቺን አንዲት ነጥብ ይዘው ተመለሱ። በሳምንቱ ያንኑ ክሌርሞንን ደብሊን ላይ 24 ለ 8 አሸነፉ። ሰንጠረዡን አጠገባችሁ አድርጋችሁ እነዚህን ሁለቱን ካያችሁ ሌላ አስተማሪ አያስፈልጋችሁም።

ሩብ ፍጻሜው ላይ ስትደርሱ የሚጫወቱበትን ቦታ ልብ በሉ። ፐርፒኛን የፈረንሳይ ቡድን ነው፣ ቱሎንም የፈረንሳይ ቡድን ነው። የተጫወቱት ግን ስፔን፣ ባርሴሎና ኦሊምፒክ ስታዲየም ውስጥ ነው። ፐርፒኛን የካታላን ከተማ ስለሆነች ለደጋፊዋ ባርሴሎና ሁለተኛ ቤት ነው። ቢያሪትዝም ድንበር ተሻግሮ ሳን ሴባስትያን ላይ ቱሉዝን ገጠመ። የእንግሊዙ ኖርዝሃምፕተን ደግሞ የራሱ ሜዳ ለዚህ ደረጃ ስለሚያንስ ሚልተን ኪንስ ተከራየ። ሌንስተር ግን ደብሊን፣ አቪቫ ስታዲየም ተቀምጦ መጀመሪያ ሌስተርን 17 ለ 10፣ ከዚያ የአምናውን ባለ ዋንጫ ቱሉዝን 32 ለ 23 ሸኘ።

ፍጻሜው፣ ሌንስተር ከኖርዝሃምፕተን፣ ግንቦት 21 ቀን 2011፣ ቅዳሜ፣ ካርዲፍ ላይ ነበር። ያን ሳምንት ደብሊን ያልሆነችው የለም። የእንግሊዝ ንግሥት መጥታ ሄዳለች፣ ኦባማ ሊመጣ ነው። ረቡዕ ማታ ፖርቶና ብራጋ የዩሮፓ ሊግን ፍጻሜ እዚሁ አቪቫ ላይ ተጫውተዋል። እኔ የኳስ ሰው ነኝና ሳምንቱ ለእኔ ረቡዕ አልቋል። ቢሆንም ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ መንገድ ላይ ያለ መጠጥ ቤት ገባሁ፤ መቀመጫ የለም፣ ቆሜ አየሁ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ሌላ ታሪክ ነው። ኖርዝሃምፕተኖች ስክረሙ ላይ ሌንስተርን እየገፉ ወደ ኋላ አስኬዱት። ሦስት ትራይ አገቡ። እረፍት ላይ 22 ለ 6። ቤቱ ውስጥ ለቅሶ የተቀመጡ ይመስላል። እኔም አስራ ስድስት ነጥብ ልዩነት አይቼ፣ «ይሄማ አለቀ ደቀቀ» ብዬ ጃኬቴን ለብሼ ወጣሁ። አውቶቡስ ስጠብቅ ጩኸት ሰማሁ። ቆይቶ ሌላ ጩኸት። ጠብ ተነስቶ ነው ብዬ ነበር።

እናንተ ስታዩት እንዲህ ቁጠሩት። 16 ማለት ሁለት ሰባትና ሁለት ትርፍ ነው። ከእረፍት እንደተመለሱ የሌንስተር 10 ቁጥር ጆኒ ሴክስተን ትራይ አገባ፣ ራሱ 2 ጨመረ፤ 22 ለ 13። አስር ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደገና ያው ሰው፤ 22 ለ 20። አንድ ቅጣት ምት፤ መሩ። ሌላ ቅጣት ምት፤ 26። ከዚያ ናታን ሃይንስ ትራይ፣ ሴክስተን 2። 33 ለ 22። በሁለተኛው አጋማሽ 27 ለ 0 ማለት ነው። ከ33ቱ ነጥብ ሴክስተን ብቻውን 28 አስቆጥሯል። እረፍት ላይ መልበሻ ቤት ተነስቶ ሊቨርፑል በ2005 ኢስታንቡል ላይ ከ3 ለ 0 እንዴት እንደተመለሰ ለጓደኞቹ ነገራቸው ይባላል። እኛ «ኳስ ድቡልቡል ናት» እንላለን። የራግቢዋ ድቡልቡል እንኳ አይደለችም፣ እኔ ግን አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ።

ይሄን ሲዝን ከጨረሳችሁ ወደ አሁኑ መምጣት ትችላላችሁ። ከ2014 ወዲህ ቻምፒየንስ ካፕ ነው የሚባለው፤ አደረጃጀቱም ተቀያይሯል። አሁን አራት ምድብ ነው፣ በየምድቡ ስድስት ቡድን፣ ለአንድ ቡድን ግን አራት ጨዋታ ብቻ። ከየምድቡ አራቱ ወደ 16ቱ ዙር ያልፋሉ። የደቡብ አፍሪካ ቡድኖችም ከ2022 ጀምሮ ገብተዋል። በእኔ አስተያየት አሮጌው ይሻል ነበር፤ ስድስት ጨዋታ ተጫውቶ አንድ ብቻ በእርግጠኝነት ሲያልፍ እያንዳንዷ ቦነስ ታስጨንቃለች። ሂሳቡ ግን ያው ነው፤ 4፣ 2፣ 1፣ እና ሰባት።

ለማሳረጊያ የ2023ን ፍጻሜ እዩ። ሌንስተር በገዛ ከተማው፣ አቪቫ ላይ፣ ከላ ሮሼል ጋር። በዚህኛው ሜዳ ገብቼ ነበር። በ12 ደቂቃ 17 ለ 0 መራን። ጎረቤቴ ትከሻዬን ሲመታኝ እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር፤ ሁለት ሰባትና ሦስት። 27 ለ 26 ተሸነፍን። የላ ሮሼል አሠልጣኝ ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ሮናን ኦጋራ። ስልኬን ሳወጣ ከሊመሪክ መልእክት ደርሶኛል፤ ምንም ቃል የለውም፣ የድንች ምስል ብቻ። ያንን ጨዋታ እናንተ እዩት፣ እኔ ድጋሚ አላየውም።