በማስረጃ የተረጋገጠ አሠራርን ሥራ ላይ ለማዋል ስልት እንዴት ይመረጣል?

አንድ አሠራር ውጤታማነቱ በጥናት መረጋገጡ ብቻውን ሥራ ላይ እንዲውል አያደርገውም። ሐንጋሪያዊው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና የወሊድ ክፍል ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሁድ እንዲታጠቡ በማድረግ የእናቶችን ሞት በእጅጉ ቢቀንስም፣ የእጅ ንጽሕና ዛሬም ሆስፒታሎችን የሚያታግል ጉዳይ ነው። ስለዚህ፣ እንደ ሥልጠናና ግብረ መልስ ያለ አሠራሩን ሥራ ላይ የሚያውል ስልት ከመምረጥ በፊት ሠራተኞቹ አሠራሩን የማይከተሉት ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

መልሱን ቢሮ ተቀምጦ መገመት አይበጅም፤ ሥራው በሚከናወንበት ቦታ ተገኝቶ ማየትና ሠራተኞቹን ማነጋገር ያስፈልጋል። እንቅፋቱ የዕውቀትና የችሎታ ማነስ፣ የአመቺ ሁኔታ አለመኖር ወይስ የተነሳሽነት ጉድለት መሆኑን መለየት ጥሩ መነሻ ይሆናል። ነርሷ መመሪያውን በቃሏ የምትወጣው ሆና የእጅ ማጽጃው አልኮል ከአልጋዎቹ ርቆ ኮሪደር ላይ የተሰቀለ ከሆነ፣ ተጨማሪ ሥልጠና ምንም አይፈይድም፤ ማጽጃውን በየአልጋው አጠገብ ማስቀመጥና ሳያልቅ የሚሞላውን ሰው መመደብ ግን ይፈይዳል። ሥልጠና የሁሉም ችግር መፍትሔ ተደርጎ የሚወሰደው፣ እንደሚመስለኝ፣ ለማዘጋጀት ቀላልና ለሪፖርት የሚመች በመሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በባለሙያዎች ስምምነት የተጠናቀረው ኤሪክ (ERIC) የተባለው ዝርዝር አሠራሮችን ሥራ ላይ ለማዋል የሚያገለግሉ 73 ስልቶችን ይዟል። ከዚህ ውስጥ ብዙ መሰብሰብ ሳይሆን ከተገኘው እንቅፋት ጋር የሚገጥመውን መምረጥ ነው ቁም ነገሩ። ለምሳሌ የሥራ አፈጻጸምን ለክቶ ለሠራተኞች ግብረ መልስ መስጠት በአማካይ የሚያስገኘው ለውጥ መጠነኛ ነው፤ የመነሻው አፈጻጸም ዝቅተኛ ሲሆን፣ ግብረ መልሱ ከቅርብ ኃላፊ ወይም ከሥራ ባልደረባ ሲመጣ፣ ሲደጋገም፣ በቃልም በጽሑፍም ሲቀርብና ግልጽ ግብ ሲኖረው ግን የተሻለ ይሠራል።

የተመረጠው ስልት ማን፣ ምን፣ ለማን፣ መቼና ምን ያህል ጊዜ እንደሚያደርግ፣ እንዲሁም የትኛውን ውጤት ለመለወጥ እንደታሰበ ተዘርዝሮ መጻፍ አለበት። «ግብረ መልስ ይሰጣል» የሚል ዕቅድ ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። «የክፍሉ ኃላፊ ነርስ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት በሥራ ርክክብ ሰዓት ያለፈውን ሳምንት የእጅ ንጽሕና ውጤት ለተረኞች በቃልና በጽሑፍ ታቀርባለች፤ የሳምንቱን ግብም አብራቸው ትወስናለች» የሚለው ግን ሊፈጸምም፣ ሊመረመርም ይችላል።

ውጤቱ ሲለካ በቅድሚያ ስልቱ በታቀደው መሠረት መፈጸሙ ይረጋገጥ፤ የሰኞው ገለጻ ግማሹን ጊዜ ከቀረ ስልቱ አልሠራም ለማለት አይቻልም። የፕሮጀክቱ በጀት ሲያልቅ ማጽጃውን የሚገዛውና ልኬታውን የሚቀጥለው አካልም ከወዲሁ በዕቅዱ ላይ ሊሰፍር ይገባል።