ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን ለፎርዛ ሆራይዘን 5 እንዴት እናስተካክላለን?

ፎርዛ ሆራይዘን 5 በሚባለው የመኪና ውድድር ጌም ላይ ትንሿን ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የገዛ ተጫዋች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሞተር ነው። ትልቅ ሞተር ይገጥማል፣ ቱርቦ ይጨምራል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መኪናዋ ዞራ ወደ መጣችበት ታያለች። እ.ኤ.አ. በ1989 ስትወጣ 1.6 ሊትር ሞተሯ የነበረው ጉልበት 115 ፈረስ ያህል፣ ክብደቷም 950 ኪሎ አካባቢ ነበር። አንድ ፈረስ 8.3 ኪሎ ይጎትታል ማለት ነው። 100 ኪሎ ብትቀንሱላት ወደ 7.4 ይወርዳል፤ ይህንኑ በሞተር ለማግኘት 13 ፈረስ ያህል መጨመር ይጠይቃል። የተጨመረው ፈረስ የሚጠቅመው ነዳጅ ስትሰጡ ብቻ ነው፤ የተቀነሰው ኪሎ ግን ፍሬን ስትይዙም፣ ስትታጠፉም፣ ስትወጡም ይጠቅማል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሒሳብ ይነሳል።

ጨዋታው መኪናዎችን በነጥብ ይመድባል፦ ዲ እስከ 500፣ ሲ እስከ 600፣ ቢ እስከ 700፣ ኤ እስከ 800፣ ኤስ1 እስከ 900። እዚህ የምንሠራው ለቢ ነው። ኤ ላይ ረጅም ቀጥታ መንገድ ሲመጣ ባለ ትልቅ ሞተሮቹ ጥለዋት ይሄዳሉ። ቢ ላይ ጠመዝማዛ መንገድ ከሆነ ማንንም አትፈራም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጎማው እንዳይንሸራተትና መኪናዋ እንዳትዞር የሚያግዙት ትራክሽን ኮንትሮልና ስታቢሊቲ ኮንትሮል ይጥፉ። እነሱ በርተው ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) ላይ የቀየራችሁት ቁጥር ምን እንዳመጣ አይታወቅም፤ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ይሸፍነዋል። በጆይስቲክ ለሚጫወት ሰው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ይቆይ። መለኪያውን ወደ ሜትሪክ ቀይሩት።

ጅማ ላይ ደግሞ የመብራት ጉዳይ አለ። ማስተካከያው በስም ሴቭ ካልተደረገ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ጌም ቤት በሰዓት እየከፈላችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ነገ ስትመለሱ ሌላ ሰው በዚያው ፕሮፋይል ገብቶ ቁጥሩን ቀያይሮት ልታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዙ፤ በአንድ በኩል የፊት፣ በሌላው የኋላ ቁጥር ይጻፍ። የሚጻፉት ቁጥሮች በብዛት ከ20 ብዙም ስለማያልፉ አንድ ገጽ ይበቃቸዋል፤ እንደገና ከዜሮ መጀመር ግን የከፈላችሁበትን ሰዓት ይበላል።

መለዋወጫ በምን ቅደም ተከተል ይገዛ?

መጀመሪያ የክብደት ቅነሳውን እስከ መጨረሻው ደረጃ ግዙ። ቀጥሎ ጎማ፦ ለአስፋልት ስፖርት ጎማ ይበቃል። ስሊክ (ጥርስ የሌለው የውድድር ጎማ) ብትገጥሙ መንገድ በጣም ትይዛለች፤ ነጥቡን ግን ስለሚበላው ለሞተር የሚተርፍ አይኖርም። የጎማ ስፋት ከፊትም ከኋላም አንድ ደረጃ ይጨመር። ከኋላ ብቻ አስፍታችሁ ፊቱን ብትተዉት መሪ ስታዞሩ አፍንጫዋ እምቢ ይላል፤ ጥፋቱንም በሞላ ላይ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ሦስተኛው የሬስ ደረጃ ሞላና አሞርዛተር፣ የሬስ አንቲሮል ባር (መኪናዋ ስትታጠፍ እንዳታጋድል የሚይዝ ዘንግ) ከፊትና ከኋላ፣ የሬስ ዲፈረንሻል ነው። እነዚህ የሚገዙት በዋናነት ቁጥራቸው እንዲከፈት ነው፤ ዝቅተኛ ደረጃዎቹ ላይ ቁጥሩ የሚቀየርበት ተንሸራታች ተቆልፎ ይቀራል። ካምቢዮ ስፖርት ይበቃል፤ የመጨረሻውን የማርሽ ሬሾ ለመቀየር ያስችላል፣ ከዚያ በላይ እዚህ አያስፈልግም።

የቀረውን ነጥብ ለሞተር ስጡት፦ ካምሻፍት፣ ማርሚታ፣ የአየር ማስገቢያ። ቱርቦ ለዚህች መኪና አይመከርም፤ ጉልበቱ ዘግይቶ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ኩርባ መሃል ኋላዋን ይመታታል። ሙሉ የሞተር ቅያሪ ደግሞ አፍንጫዋ ላይ ኪሎ ይጭናል፤ የተቀነሰውን መልሶ መጫን ነው። በአራት ጎማ የሚነዳ ማድረግም እንደዚያው፣ ለጭቃ ውድድር ካልሆነ በስተቀር። 702 ላይ ከቆማችሁ ማርሚታውን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ ወይም ሪም ቀይሩ፤ 697 ከሆነ ደግሞ ቀለል ያለ ሪም ክፍተቱን ይሞላል።

ሲያልቅ ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ ጠቅላላ ክብደትና የፊት በመቶኛ። ለምሳሌ 900 ኪሎ እና 52 በመቶ እንበል። የእናንተ ከዚህ ቢለይ ከታች ያለውን ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት።

ጎማ

ንፋሱን 28 ፒኤስአይ፣ ማለትም 1.9 ባር ላይ ጀምሩ። ጎማ ሲሞቅ ንፋሱ ይጨምራል፤ ቀላል መኪና ግን ጎማዋን እንደ ከባዱ ስለማታሞቀው ጭማሪው ትንሽ ነው። ቴሌሜትሪውን (የመኪናዋን መለኪያዎች የሚያሳየውን ገጽ) ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ዙር ከነዳችሁ በኋላ 31 ወይም 32 ፒኤስአይ (2.1 ወይም 2.2 ባር) ላይ ካለ ተዉት። ከዚያ በላይ ከሄደ 1 ፒኤስአይ (0.07 ባር) ቀንሱ።

ካምበር (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ የሚያጋድልበት መጠን) ፊት ‎-1.2፣ ኋላ ‎-0.8። ትክክለኛነቱን የሚነግራችሁ የሙቀት ገጹ ነው፤ ኩርባ ውስጥ እያላችሁ የውጪውን ጎማ እዩ። የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ከውጪኛው እጅግ ከሞቀ ካምበሩ በዝቷል፣ ውጪኛው ከሞቀ አንሷል። ቀጥታ መንገድ ላይ የሚታየውን ሙቀት አትመኑት። ቶ (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ መዞር) ፊት 0፣ ኋላ ወደ ውስጥ 0.1፤ ካስተር (የመሪው ዘንግ ወደ ኋላ ማጋደል) 5.5።

ሞላ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

ከኢንተርኔት ወይም ከጓደኛ የተወሰደ ቁጥር የሚበላሸው እዚህ ነው። ሞላ የሚለካው በሚሸከመው ኪሎ ነው። 900 ኪሎ ሲካፈል፣ ፊት 52 በመቶ 468 ኪሎ፣ በአንድ ጎማ 234 ይሆናል፤ ኋላ በአንድ ጎማ 216። ለመንገድ ውድድር ጥሩ መነሻ በሰከንድ 2 ጊዜ የሚወዛወዝ፣ 2 ኸርዝ የሚባለው ሞላ ነው። ለዚህ ኪሎውን በ0.016 አባዙ፦ ፊት 3.7፣ ኋላ 3.5 ኪሎ በሚሊሜትር። ጠጠር ያለ ከፈለጋችሁ፣ ለ2.2 ኸርዝ በ0.0195 አባዙ፤ ፊት ወደ 4.6 ይወጣል። ተንሸራታቹ እስከዚያ ካልወረደ ዝቅተኛው ላይ ተዉት።

አሁን የ1,500 ኪሎ መኪና አስቡ። በአንድ ጎማ 390 ኪሎ ስለሚያርፍበት ያው 2 ኸርዝ 6.2 ይጠይቃል። ያንን 6.2 አምጥታችሁ ማዝዳዋ ላይ ብትጭኑት ወደ 2.6 ኸርዝ ትወጣለች፤ ጉብታ ላይ ጎማዋ መሬት ይለቃል፣ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይይዝም። ብዙዎች ይህን የጎማ ችግር አድርገው ስሊክ ይገዛሉ፤ ነጥቡ ያልቃል፣ መዝለሉ ግን ይቀጥላል።

ከፍታውን ዝቅ አድርጉ፤ መጨረሻ ድረስ ግን አታውርዱት። የጨዋታው መንገድ የሜክሲኮ ነው፣ ጉብታና ዳገት አፋፍ ይበዛዋል። መኪናዋ ከዘለለች በኋላ ስታርፍ አፍንጫዋ በድንገት ወደ ጎን ከተሳበ ሆዷ መሬት ነክቷል፤ ከፍታውን ትንሽ ጨምሩ።

አንቲሮል ባርና አሞርዛተር

ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ ወደ መርካቶ በባጃጅ የሄደ ሰው ይህን ክፍል በሰውነቱ ያውቀዋል፤ ሹፌሩ ፈጠን ብሎ ሲታጠፍ ክብደቱ ሁሉ ወደ ውጪ ይሄዳል፣ የውስጡ ጎማም ሊነሳ ይደርሳል። አንቲሮል ባር ያንን ማዘንበል ይይዛል። ችግሩ በጣም ካጠበቃችሁት ራሱ የውስጡን ጎማ ያነሳዋል።

መነሻ ስሌቱ የፊት በመቶኛ (52 በመቶ 0.52 ተብሎ) ሲባዛ በ64፣ ሲደመር 1 ነው፤ ለኋላም የኋላውን በመቶኛ ይዛችሁ እንዲሁ፦ ፊት 34፣ ኋላ 32። ይህ ለመካከለኛ መኪና ነው። ለቀላሏ ሁለቱንም በሲሶ ቀንሱ፤ ፊት 23፣ ኋላ 21። ከዚህ በኋላ ኩርባ መሃል ላይ ባላችሁበት ጊዜ ብቻ አስተካክሉት። አፍንጫዋ ወደ ውጪ ከሸሸ የፊቱን 2 ቀንሱ፤ ኋላዋ ካመለጠ የኋላውን 2 ቀንሱ። የላላው በኩል ይይዛል፤ ይህን የሚገለብጠው ጀማሪ ብዙ ነው።

አሞርዛተር ላይ የመመለሻውን ፊት 7፣ ኋላ 6.6 አድርጉ፤ የመጨመቂያውን ደግሞ የዚያን 60 በመቶ፣ 4.2 እና 4 ላይ። ከጉብታ በኋላ መኪናዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘች መመለሻው አንሷል። ተከታታይ ጉብታ ላይ እየጠነከረች፣ እየዘቀጠች ከሄደች መመለሻው በዝቷል፤ ሞላው ሳይመለስ ሌላው ጉብታ ይደርስበታል።

ዲፈረንሻል

ነዳጅ ሲሰጥ 50 በመቶ፣ ነዳጅ ሲለቀቅ 20 በመቶ ላይ ጀምሩ። ከኩርባ ስትወጡ የውስጡ የኋላ ጎማ ብቻውን እየጨሰ ከዞረ የመጀመሪያውን 5 ጨምሩ። ሁለቱም አብረው ተንሸራትተው ኋላዋ ከወጣ 5 ቀንሱ። ፍሬን ይዛችሁ ኩርባ ስትገቡ ኋላዋ ከተወዛወዘ ሁለተኛውን ወደ 25 ወይም 30 አንሱት፤ ከመጠን በላይ ከሄደ ደግሞ መግቢያው ላይ አልታጠፍም ትላለች።

የቀሩት አጭር ናቸው። ፍሬኑን 50 በመቶ ሚዛን ላይ ተዉት፤ ኤቢኤስ ያጠፋችሁ ከሆነ ግፊቱን ወደ 90 በመቶ አውርዱት፣ ቀላል መኪና ጎማዋ ቶሎ ይቆለፋል። የመጨረሻውን ማርሽ በምትነዱበት መንገድ ረጅሙ ቀጥታ ጫፍ ላይ ሞተሩ ቀዩን መስመር ሊነካ ሲል እንዲደርስ አድርጉ፤ ቀድሞ ከነካ ሬሾውን አስረዝሙት፣ ጭራሽ ካልደረሰ አሳጥሩት። ክንፍ ለቢ አያስፈልግም።

ሙከራው

አንድ መንገድ ምረጡ፣ ቀኝም ግራም ኩርባ ያለው፣ ቢያንስ አንድ ጉብታ ያለው። በየሙከራው አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሩ። የሚቀየረውን የሚመርጥላችሁ ስህተቱ ኩርባው ውስጥ የት እንደታየ ነው፤ መግቢያ ላይ ከሆነ ፍሬኑን፣ አሞርዛተሩንና ነዳጅ ሲለቀቅ ያለውን ዲፈረንሻል እዩ፤ መሃል ላይ ከሆነ አንቲሮል ባርና ካምበር፤ መውጫ ላይ ከሆነ ነዳጅ ሲሰጥ ያለው ዲፈረንሻልና የኋላ ሞላ። ኋላዋ መውጫ ላይ እያመለጠ የፊት ካምበር የሚነካካ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ አያገኘውም።

የአየሩን ሁኔታም አስተውሉ። ጨዋታው ውስጥ ወቅቱ በየሳምንቱ ይቀየራል፤ በዝናብ ወቅት መንገዱ ሲርስ ያንኑ መኪና ያበላሻችሁት ሊመስላችሁ ይችላል። ለዝናብ የተለየ ማስተካከያ በሌላ ስም ሴቭ አድርጉ፦ አንቲሮል ባሮቹን በ4፣ ነዳጅ ሲሰጥ ያለውን ዲፈረንሻል በ10 ቀንሱ፣ ሌላውን አትንኩት።

ፒኤስ4 ላይ ለምትጫወቱ

ብዙ ጌም ቤት ያለው ፒኤስ4 ከሆነ ምርጫው ሌላው የመኪና ውድድር ጌም፣ ግራን ቱሪስሞ 7 ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ያለ ኢንተርኔት ስለማይሠራ ኔትወርኩን አይታችሁ ክፈሉ። ያችው መኪና እዚያ የምትሸጠው ዩኖስ ሮድስተር በሚል የጃፓን ስሟ ነው። ሞላው በቀጥታ በኸርዝ ስለሚሞላ ከላይ ያለው ስሌት አያስፈልግም፤ 2 አካባቢ ጀምሩ። አንቲሮል ባር ከ1 እስከ 10 ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም 4 አድርጉ። ዲፈረንሻሉ ሦስት ቁጥር አለው፣ እያንዳንዱ ከ5 እስከ 60፦ መነሻ 8፣ ነዳጅ ሲሰጥ 25፣ ፍሬን ሲያዝ 15። የውድድሩን የነጥብ ገደብ ካለፋችሁ መለዋወጫ ከመንቀል የኃይል መገደቢያውን ተጠቀሙ፤ በመቶኛ ስለሚወርድ ገደቡ ላይ በትክክል ያስቀምጣችኋል፣ ክብደት መጨመሪያውን ግን ለዚህች መኪና አትንኩት።