በክራርና በዝናብ ድምፅ አምቢየንት ሙዚቃ እንዴት ይሠራል?

አምቢየንት ሙዚቃ ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚቆይ፣ ልብ ብለው ቢሰሙትም እንዲሁ ቢተዉትም የማይረብሽ ሙዚቃ ነው። ጅማ ላይ ለመሥራት ስልክ፣ ክራር፣ ኮምፒውተርና ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃሉ።

በዝናቡ ይጀምሩ። ክረምት ላይ የሚቀዳ ነገር አይጠፋም፤ ችግሩ ቆርቆሮው ነው። ጣራ ላይ የሚወርድ ከባድ ዝናብ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ስለሚሸፍን ክራሩን ይውጠዋል። ዝናቡ ማባራት ሲጀምር ከጣራው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ይቅዱ፤ ኮባ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ደፈን፣ ባልዲ ውስጥ ሲወድቅ ጠራ ይላል። ስልኩ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። ጫጫታ የሚቀንሰውን የስልኩን ምርጫ ያጥፉ፤ ዝናብን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያወጣዋል። ፋይሉ ዌቭ (WAV) የተባለው ዓይነት ይሁን፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 ዲሲብል አይለፍ።

ጅማ አጠገብ ያለውን የቦዬ ረግረግ ወፎች ድምፅ የሚፈልጉ ማልደው ይሂዱ። ነፋስ ማይኩን እንዳይመታው ጀርባዎን ለነፋሱ ይስጡ፤ የቀረውን ጉምጉምታ ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን በሃይ-ፓስ ፊልተር በመቁረጥ ይቀንሱታል።

ክራሩን በትዝታ ሜጀር ይቃኙ። በዚህ ቅኝት ውስጥ ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ኖታዎች ስለሌሉ የትኞቹም ክሮች በአጋጣሚ ቢገናኙ አይጋጩም። አንቺሆዬ ግን ግማሽ ድምፅ አለበት፤ ውጥረት ሲፈለግ እንጂ ለመጀመሪያ ሥራ አይመከርም። አንድ ክር ነክተው ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ይጠብቁ። በሦስት ክሮች እንዲሁ ያድርጉ፤ ከዚያ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሱ። ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ የጥፍሩም ስለት ይለሰልሳል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው «ሙዚቃ ለአውሮፕላን ማረፊያዎች» (Music for Airports) በተባለው አልበም ርዝመታቸው የሚለያይ የቴፕ ቀለበቶችን (ጫፍና ጫፋቸው ተገጥሞ ያለማቋረጥ የሚደጋገሙ ቴፖችን) አብሮ አዙሯል። እርስዎም ሦስቱን ኖታዎች ከኋላቸው ዝምታ እየጨመሩ 17፣ 23 እና 29 ሰከንድ ያድርጓቸውና ይደጋግሟቸው። ሦስቱ እኩል ተነሥተው እንደገና እኩል የሚገናኙት ከ11,339 ሰከንድ፣ ማለትም ከሦስት ሰዓት በላይ ቆይተው ነው። 10፣ 20 እና 30 ቢያደርጓቸው ግን በየደቂቃው ይገናኛሉ፤ ጆሮም ወዲያው ይሰለቻል።

ዝናቡም ሲደጋገም መጋጠሚያው ላይ ቀጭ ይላል። የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች ቆርጠው በሌላ ትራክ መጀመሪያው ላይ ያስቀምጡ፤ እነሱን እየደበዘዙ እንዲወጡ፣ ከሥር ያለውን እየጎላ እንዲገባ ያድርጉ። መጋጠሚያው ይጠፋል።

ሪቨርብ (ድምፅን የሚያስተጋባው ኢፌክት) ለክራሩ ብቻ ይስጡ፤ ለዝናቡ ከሰጡት ጠብታው ይደበዝዛል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርገው ሌላ ሥራ እየሠሩ ያዳምጡ። አንድ ኖታ በመጣ ቁጥር ቀና የሚያደርግዎ ከሆነ 3 ዲሲብል ይቀንሱለት።