የፓስፊክ ወጣቶችና ታንኳቸው፦ ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ነጥቦች

ሃዋይ ውስጥ ስድስት ተማሪዎች አንድ ረጅም ታንኳ ሲቀዝፉ ማየት የተለመደ ነው። ከታንኳው በስተግራ፣ በሁለት አግዳሚ እንጨቶች የተያያዘ ተንሳፋፊ አለ። እንዳይገለበጥ የሚይዘው እሱ ነው። ይህ ታንኳ የደሴቶቹን ልጆች ከባህላቸው ጋር እያገናኘ ነው ሲባል ግን ብዙ ሰው ነገሩን አጣሞ ይረዳዋል።

አንደኛው ስህተት፣ ስፖርት ብቻ ነው ማለት

ስፖርት መሆኑ እውነት ነው፤ የሃዋይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይወዳደሩበታል። ልጆቹ ግን ከውድድሩ በፊት ሌላ ነገር ይማራሉ። ታንኳው ይከበራል፤ በላዩ ተራምዶ ማለፍ ነውር ነው። አግዳሚዎቹ የሚታሰሩት በሚስማር ሳይሆን በገመድ ነው። ይጠመጠማል፣ ይሳባል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ይጠመጠማል። ከላላ ባሕር ላይ ጉድ ያመጣል። አስተሳሰሩን የሚያሳየው የሚያውቅ ትልቅ ሰው ነው፤ ልጁ አጠገቡ ሆኖ ገመዱን ይይዝለታል። ጨዋታው የሚመጣው ያኔ ነው፤ ስለ ንፋሱ፣ ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ቀደሙት ሰዎች። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ልጆቹ ሳይመጡ ታስሮ ከጠበቃቸው፣ በእኔ እምነት ዋናው ትምህርት አመለጣቸው።

ጉልበተኛውን ልጅ ማወደስም ሌላው ስህተት ነው። ፊት የተቀመጠው ምቱን ይሰጣል፣ መጨረሻ ያለው ይመራል። ከምቱ ወጥቶ በኃይል የሚቀዝፍ ልጅ ታንኳውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል እንጂ አያፈጥነውም።

ሁሉንም ደሴት በአንድ ዓይን ማየት

የማርሻል ደሴቶች ታንኳ ባለ ሸራ ነው፤ አቅጣጫ ሲቀይር ሸራው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይዛወራል። ዋና ከተማዋ ማጁሮ ውስጥ ትምህርት ያቋረጡ ወጣቶች ታንኳ መሥራትን ከአናጢነት፣ ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ጋር ይማራሉ። እዚያ ታንኳው እንጀራም ነው።

የድሮው እንጨት ካልተገኘ ባህሉ የለም ማለት

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሃዋይሎዋ የተባለው ታንኳ ሲሠራ፣ ድሮ ታንኳ ይሠራበት የነበረው የኮዋ ዛፍ የሚበቃ ትልቅ ከሃዋይ ደን ሊገኝ አልቻለም። ግንዶቹን የሰጡት የአላስካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ዛሬ ብዙ የውድድር ታንኳ ከፋይበርግላስ ይሠራል፤ ልጆቹ ያንኑ ሥርዓት ይማሩበታል።

ዕውቀቱን መቆለፍ

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ይመስለኛል። ማው ፒያሉግ በማይክሮኔዥያ ያለችው የሳታዋል ደሴት ሰው ነበር። በከዋክብትና በማዕበል እየተመሩ ታንኳ መምራትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከአያቱ ተማረ። በዚያ ባህል ይህ ዕውቀት ለባዕድ አይሰጥም። ማው ግን የገዛ ደሴቱ ወጣቶች ከዕውቀቱ ፊታቸውን ሲያዞሩ አየ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሆኩሌዓን፣ ያቺን ባለ ሁለት አካል የሸራ ታንኳ፣ ያለ ኮምፓስ ከሃዋይ ታሂቲ አደረሳት። ቆይቶም ናይኖዋ ቶምፕሰን የተባለውን የሃዋይ ወጣት አስተማረ። ከወገኖቹ ወቀሳ አልቀረለትም። ናይኖዋ በ1980 ያንኑ መንገድ ራሱ መርቶ ታሂቲ ሄዶ ተመለሰ። በ2007 ደግሞ ማው ሳታዋል ላይ፣ ለአምሳ ዓመታት ያህል ተቋርጦ የነበረውን የባሕር ጉዞ መሪነት ሹመት ሥርዓት አድርጎ፣ ናይኖዋንና ሌሎች ደሴተኞችን ሾማቸው።