«ኔቨርማይንድ»ን ከመጨረሻው ዘፈን ጀምሩት

ጎንደር ፒያሳ፣ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን በምጭንበት ሱቅ፣ «እስቲ ሮክ አሰማኝ» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። ለሁሉም የምሰጠው የአሜሪካውን ሮክ ባንድ የኒርቫናን «ኔቨርማይንድ» አልበም ነው። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ዘፈን በስልክ ስፒከር ይከፍቱና «ጩኸት ነው» ብለው ይዘጉታል። እባካችሁ እንዲህ ስሙት።

መጀመሪያ ኢርፎን ፈልጉ። ኢርፎኑን ለመሞከር ብቻ 9ኛውን ዘፈን፣ «ላውንጅ አክት»ን ክፈቱ። መግቢያው ላይ የክሪስት ኖቮሴሊክ ቤዝ ጊታር ጥርት ብሎ ከተሰማችሁ ይበቃል።

ከዚያ ወደ 12ኛው፣ «ሰምቲንግ ኢን ዘ ዌይ» ሂዱ። የባንዱ ድምፃዊ ከርት ኮቤይን ይህን የዘፈነው ካሊፎርኒያ፣ ሳውንድ ሲቲ ስቱዲዮ፣ የመቆጣጠሪያው ክፍል ሶፋ ላይ ተጋድሞ ነው። ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ስለነበር ፕሮዲውሰሩ ቡች ቪግ ኤሲውን ሳይቀር አጠፋ። እኔ ይህን ልጅ የወደድኩት እዚህ ዘፈን ላይ ነው። ወደ 4ኛው ደቂቃ ሲጠጋ ግን አቁሙት። ፋይሉ ከ20 ደቂቃ በላይ ቢሆን ተበላሽቶ አይደለም። ከ10 ደቂቃ ያህል ዝምታ በኋላ የተደበቀ ዘፈን አለ፤ ከሁሉም የባሰው ጩኸት እሱ ነው። ለአሁኑ ይቆይ።

ቀጥሎ 5ኛው፣ «ሊቲየም»። ዝግ ብሎ ይጀምራል። አዝማቹ ላይ ጊታሩና የዴቭ ግሮል ድራም አንድ ላይ ይፈነዳሉ። ከዚያ እንደገና ዝግ ይላል። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ቤቱን ጸጥ ያሰኝና ድንገት ይለቀዋል። ኮቤይን ይህን አካሄድ ፒክሲስ ከሚባለው ባንድ እንደወሰደ ራሱ ተናግሯል። የአልበሙ ጉልበት ያለው እዚህ መውጣትና መውረድ ላይ ነው።

አሁን ከ1ኛው ጀምራችሁ ሳትዘሉ ስሙት። ማታ መብራት ሲጠፋ ደስ ይላል፣ ስልኩ ቻርጅ ካለው። ግጥሙ ባይገባችሁ አትጨነቁ፤ መጀመሪያ ዜማውን ያዙ። እስከ መጨረሻው ሂዱ፣ የተደበቀውም ይምጣ።

አልበሙ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1991 ሲወጣ ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ያሰራጨው 50 ሺህ ቅጂ እንኳ አይሞላም ነበር። በጃንዋሪ 1992 የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» ቢልቦርድ ከሚባለው የአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ 1ኛ ቦታ አወረደው። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በየትንሹ ክለብ የሚጫወቱ ባንዶችን እያሳደዱ ያስፈርሙ ጀመር።

ከወደዳችሁት ቀጥሎ የምጭንላችሁ የዚሁ ባንድ የ1993ቱን (እ.ኤ.አ.) አልበም «ኢን ዩትሮ»ን ነው። እሱ ከዚህም ይሻክራል፤ ያኔ ግን ጆሯችሁ ለምዷል።