ፒስተንና ቢዬላ ሲቀየሩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ሞተር ወርዶ ፒስተንና ቢዬላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ከክራንክ ሻፍቱ፣ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ሲቀየር አስቀድሞ የሚጠየቀው የዕቃው ዋጋ ነው፤ አሮጌው ለምን ተበላሸ የሚለው ጥያቄ ግን ይዘለላል፤ ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል። ቡና ጭኖ የጊቤን ዳገት ሲወጣ ሞቆ ፒስተኑ የተጫረበት መኪና፣ መንስኤው የተደፈነ ራዲያተር ከሆነ፣ ራዲያተሩ ሳይታጠብ አዲስ ፒስተን ቢገባለት ዕድሜ አይኖረውም። በክረምት ጎርፍ መሀል አልፎ በአየር ማስገቢያው ውሃ የሳበ ሞተር ደግሞ፣ ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ ይገታና ቢዬላው ይጎብጣል። ጉብጠቱ በዓይን ላይታይ ስለሚችል የቀሩት ቢዬላዎችም ቶርኖ ቤት ተወስደው ቀጥ ማለታቸው መለካት አለበት።

ሁለተኛው ስህተት ፒስተኑ የሚመላለስበትን የሲሊንደሩን አፍ ሳያዩ ማለፍ ነው። ብዙ በሠራ ሞተር ላይ ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ የሚገባው ቀለበት) በማይደርስበት ከፍታ ዙሪያውን ጠርዝ ይቀራል፤ በጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል። ጠርዙ ካልተነሣ አዲሱ ፋሻ እየመታው ይሰበራል።

ሦስተኛውን ያየሁት በለማጅነቴ ነው። እያንዳንዱ ቢዬላ ከታችኛው ክዳኑ ጋር ተጋጥሞ ስለሚሠራ ክዳኑ ለሌላ ቢዬላ አይሆንም፤ ዞሮም አይታሰርም። በምሠራበት ጋራዥ የአንድ ሞተር አራቱም ክዳኖች ምልክት ሳይደረግባቸው ናፍጣ ባለበት አንድ ጣሳ ውስጥ ታጥበው ተቀላቀሉ። ሲታሰሩ ክራንክ ሻፍቱ አልዞር አለ፤ ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ተሰክቶ በግድ ዞረ። መኪናው ሳምንት ሳይሞላው እየተንኳኳ ተመለሰ፤ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ሲወርድ ዘይቱ ውስጥ የብሮንዚን፣ ማለትም በቢዬላውና በክራንክ ሻፍቱ መካከል የሚገባው ስስ ብረት፣ ፍርፋሪ ያብረቀርቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብሎን ከመፍታቴ በፊት ቢዬላውም ክዳኑም ላይ፣ በአንድ ጎን፣ የሲሊንደሩን ቁጥር በማይለቅ ቀለም እጽፋለሁ፤ አንድ ክዳን ባሰርኩ ቁጥርም ክራንክ ሻፍቱን አዞራለሁ፤ ከከበደ ጥፋቱ መጨረሻ የታሰረው ላይ ነው።

አራተኛው፣ ፋሻ አዲስ ነው ተብሎ ሳይለካ መግጠም ነው። ፋሻው ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ፣ በተገለበጠ ፒስተን ወደ ታች ተገፍቶ ከተስተካከለ በኋላ በጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት በስፔሶሬ (ስስ የብረት ቅጠሎች ባሉት የክፍተት መለኪያ) ይለካል። ወሳኙ የአምራቹ መመሪያ ቢሆንም፣ በ86 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ላይ ለላይኛው ፋሻ ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ፋሻው ሲሞቅ ጫፎቹ ተገፋፍተው ሲሊንደሩን ይጭራሉ፤ ከሰፋ መኪናው ያጨሳል። ሲገጠምም የፋሻዎቹ ክፍተቶች በአንድ መስመር ላይ መዋል የለባቸውም።

ፒስተኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ፊት መዞር አለበት። በመዶሻ እንጨት እጀታ ሲገፋ ድንገት ከቆመ ፋሻ ተይዟል ማለት ነውና፣ ጨምሮ ከመምታት ይልቅ አውጥቶ እንደገና ማስገባት ይገባል።

የቢዬላ ብሎን በክንድ ግምት አይጠብቅም፤ በቶርክ (የማዞሪያ ኃይል) መለኪያ ቁልፍ ይታሰራል። መመሪያው ከቶርኩ በኋላ በዲግሪ እንዲዞር የሚያዘው ብሎን ሲጠብቅ የሚለጠጥ ስለሆነ በአብዛኛው በአዲስ ይተካል።

በመጨረሻም ሞተሩ ደረቁን አይነሣ፤ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ከገባለት በኋላ፣ እሳት እንዳይሰጥና ነዳጅ እንዳይረጭ ተደርጎ፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) በአጭር በአጭሩ ይዙር።