አዲስ አበባ ያለ መኪና፦ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ታክሲ ቁጠሩ

አዲስ አበባ ውስጥ ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም። በታክሲ ነው። የከተማውን ሰው "ቤትህ ከሥራህ ይርቃል?" ብትሉት "አይ፣ አንድ ታክሲ ነው" ወይም "ኧረ ተወኝ፣ ሁለት ታክሲ ነው" ይላችኋል። እኔ ከሐዋሳ ስመጣ ይህ ቋንቋ አልገባኝም ነበር፤ ዋጋውንም በደንብ ከፍያለሁ።

ሐዋሳ ከተማው ሜዳ ነው። ብስክሌት እነዳለሁ፣ ሲደክመኝ ባጃጅ እይዛለሁ፣ አለቀ። አዲስ አበባ ሥራ ሳገኝ ቢሮው ሜክሲኮ አካባቢ ሆነ፣ ቤት ደግሞ ኪራዩ ረከስ ስላለልኝ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራየሁ። ደላላው ቤቱን ያሳየኝ እሑድ ጠዋት በጓደኛው መኪና ነው፤ መንገዱ ጭር ብሎ፣ እኛም እያወራን፣ ሳናስበው ደረስን። "ይኸው፣ ቅርብ እኮ ነው" አለኝ። ሰኞ ጠዋት ከአባዶ መገናኛ አንድ ታክሲ፣ መገናኛ ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ሰልፍ፣ ከዚያ ወደ ሜክሲኮ ሌላ ታክሲ። ሁለት ሰዓት ተኩል መግባት የነበረብኝ ሰው ሦስት ሰዓት አልፎ ደረስኩ፣ ያውም በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ። በኪራይ ያተረፍኳትን ብር በትራንስፖርትና በእንቅልፍ ከፍዬ ከስድስት ወር በኋላ ሳሪስ ገባሁ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ መንገድ፣ ከዚያ ሰፈር፣ ቤቱ መጨረሻ ላይ ነው።

የሥራ ቦታችሁን ወይም ትምህርት ቤታችሁን ያዙና አጠገቡ ያለው ትልቁ የታክሲ መገናኛ የት እንደሆነ ለዩ። ሜክሲኮ ነው? መገናኛ? አራት ኪሎ? ፒያሳ? ስታዲየም? ቦሌ? ከዚያ ወደዚያ ቦታ በቀጥታ፣ ሳይወርዱ ሳይቀይሩ የሚኬድባቸውን ሰፈሮች ጠይቁ። ይህን የሚያውቀው ደላላ አይደለም፤ እዚያው የሚሠራ ሰው፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ተራ አስከባሪው ነው። አንድ ረጅም ታክሲ ከሁለት አጫጭር ታክሲ ይሻላል፤ ምክንያቱም የሚያደክመው መንገዱ ሳይሆን ሰልፉ ነው፣ ሁለተኛ ታክሲ ማለት ደግሞ ሁለተኛ ሰልፍ ማለት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት መሥሪያ ቤቱንም አንድ ነገር ጠይቁ፤ ሰርቪስ አለው ወይ? ካለው በየት በየት ያልፋል? ሰርቪስ የሚያልፍበት ሰፈር መኖር የደመወዝ ጭማሪ ማለት ነው፤ እኔ ይህን ሳልጠይቅ ቀርቼ የቢሮው ሰርቪስ ሳሪስን አልፎ እንደሚሄድ ያወቅኩት ከወራት በኋላ በወሬ ወሬ ነው።

ሰፈር ከመረጣችሁ በኋላ መንገዱን ራሳችሁ ሞክሩት። እሑድ አይደለም! በሥራ ቀን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዚያ ሰፈር ተነስታችሁ ወደ ሥራ ቦታችሁ ሂዱ፤ ማታም 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ። የማታው ከጠዋቱ ይብሳል። በደላላ መኪናም በደላላ ሞተርም አትሂዱ። ሰልፍ ላይ ከፊታችሁ ስንት ሰው እንዳለ፣ ታክሲ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ፣ ታክሲው እስከ መጨረሻ እንደሚሄድ ወይስ እንደሚያቆራርጥ እዩ። ማቆራረጥ ማለት ሰው ሲበዛ ሹፌሩ መንገዱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹ ላይ ያወርዳችሁና ለቀሪው እንደገና ያስከፍላችኋል ማለት ነው። ክልክል ነው፣ ግን ዝናብ ሲጥልና ሲመሽ የሚከለክል አይታይም። ማታ የመጨረሻው ታክሲ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋም እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዘመድ ካላችሁ ዘመድ ጋ፣ ከሌላችሁ ርካሽ ፔንሲዮን ይዛችሁ ሁለት ሳምንት ቆዩ። ለዘመድ ማስቸገር ካፈራችሁ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ።

ባቡሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተዘረጉለት ሁለት መስመሮች ናቸው፦ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ። ሁለቱም ስታዲየም፣ ለገሃርና ሜክሲኮ ላይ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ከታክሲ በጣም ይረክሳል፣ የመንገድ መጨናነቅም አይነካውም። ችግሩ የሚመጣበት ሰዓት አይታወቅም፣ ሲመጣም ሞልቶ ነው። እኔ አባዶ እያለሁ መገናኛ ላይ ልሳፈር ሞክሬ ነበር፤ ከአያት ጀምሮ ጢም ብሎ ስለሚመጣ በር ላይ ተንጠልጥሎ ከመሄድ ሰልፉ ይሻላል ብዬ ተውኩት። ዘዴው መስመሩ የሚነሳበት ጫፍ አካባቢ መኖር ነው። ሳሪስ የወደድኩት አንዱም በዚህ ነው፤ ባቡሩ ከቃሊቲ ሲመጣ ገና ለመቆም ቦታ አለው። አንበሳና ሸገር አውቶቡሶችንም አትናቁ። ጊዜ ካላችሁ ኪስ አይጎዱም፤ የሚነሱበትን ቦታና ሰዓት ለይታችሁ ከያዛችሁ ደግሞ ተቀምጣችሁ ትሄዳላችሁ።

አሁን ወደ ቤቱ። መኪና ለሌለው ሰው ጥሩ ቤት ማለት ከአስፋልቱ አምስት፣ ቢበዛ አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ነው። መንገዱን ማታ 2 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩት፤ መብራት አለ? ውሻ አለ? በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው ምን ይመስላል? በደረቅ ወቅት ኮብልስቶን ያልተነጠፈበት መንገድ ጥሩ ይመስላል፤ ክረምት ላይ ግን ጫማችሁን በፌስታል ይዛችሁ ቦቲ ታደርጋላችሁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ፎቁን ተጠንቀቁ። ጂ ፕላስ አራት ሕንፃ ሊፍት የለውም፣ ውኃም በፈረቃ ስትመጣ ላይ ድረስ የምትወጣው ሁልጊዜ አይደለም። ሃያ ሊትር ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ያወጣ ሰው ስለ ምን እንደማወራ ያውቀዋል። ሌላው ነገር በእግር የሚደረስ ሱቅ፣ ጉልት፣ እንጀራ የሚሸጥ ሰው፣ ፋርማሲ መኖሩ ነው። አምስት ኪሎ ሽንኩርት ይዞ ታክሲ መጋፋት ከባድ ነው፤ ረዳቱ ለሽንኩርቱም ሒሳብ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ውሉ ላይ አትቸኩሉ። በ2016 ዓ.ም. በወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ መሠረት ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፣ አከራዩም ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። የስድስት ወር አምጣ የሚላችሁ አከራይ ካለ ይህን በትህትና አስታውሱት። ከመጣችሁበት ከተማ ከቀበሌያችሁ መሸኛ ማውጣትም አትርሱ፤ ያለ እሱ አዲሱ ወረዳ መታወቂያ አይሰጣችሁም። ለመሸኛ ተመልሶ ሐዋሳ መሄድ ምን ያህል እንደሚያናድድ አልነግራችሁም።

ዕቃ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልጋና ቁምሳጥን ይዛችሁ አትምጡ። ሽጧቸው። የመኪና ኪራዩ፣ ማውረጃው፣ መንገድ ላይ የሚሰበረው ሲደመር እዚሁ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ይረክሳል፤ ሰፈሩ ባይመቻችሁም ለመልቀቅ አትፈሩም። እኔ ይዤ የመጣሁት ሁለት ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስቶችና የቡና ዕቃ ነው፤ ሁሉም አውቶቡሱ ፖርቶመጋላ ላይ ወጣ። የግድ ትልቅ ዕቃ ካላችሁ ጭነት ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አይሱዙ ፈልጉና ጥግ ላይ ቦታ ካለው ተስማሙ፤ ሙሉ መኪና ከመከራየት በጣም ይቀንሳል። ከደቡብ መስመር የሚመጣው አውቶቡስ አብዛኛው ቃሊቲ መናኸሪያ ነው የሚያወርደው፣ ስለዚህ በቀን ለመድረስ ሞክሩ።

ጫኝና አውራጅ ላይ ተጠንቀቁ። አባዶ ስገባ ፍራሽና ጠረጴዛ እዚያው ገዝቼ በትንሽ ፒክአፕ አስመጣሁ። በሩ ላይ ልጆች ተሰብስበው "ያለ እኛ አይወርድም" አሉ። የጠየቁት ገንዘብ ከጠረጴዛው ዋጋ ይበልጣል። ተከራከርኩ፣ ተለማመጥኩ፣ በመጨረሻ ግማሹን ከፍዬ ጠረጴዛውን ራሴ ተሸክሜ ወጣሁ። ሳሪስ ስገባ ግን ብልጥ ሆኜ ነበር፤ አንድ ቀን ቀድሜ ከአከራዩ ጋር ሄጄ ዋጋ ተነጋገርኩ፣ ዕቃውንም በሁለት ቀን ከፋፍዬ ጥቂት ጥቂቱን አስገባሁ።

ከዚያ ኑሮው ይጀመራል። ታክሲ ስትሳፈሩ ዝርዝር ብር ያዙ፤ ጠዋት ጠዋት መቶ ብር የሚሰጥ ሰው በረዳቱ ዘንድ አይወደድም፣ መልሱንም ረስቶት ልትወርዱ ትችላላችሁ። ስልካችሁን መስኮት ጋ አትያዙ፤ ታክሲው ቆም ሲል መንታፊ እጁን ሰድዶ ይዞት ይሮጣል። ሰልፉ ረጅም ከሆነ አንዳንዴ ወደ ኋላ አንድ ፌርማታ በእግር ሄዶ ታክሲው ሳይሞላ መያዝ ይሻላል። በእግር መሄድን ግን ቀስ ብላችሁ ልመዱት፤ አዲስ አበባ ከሐዋሳ 600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራል። ብስክሌቴን ለወንድሜ ትቼለት መጣሁ፤ አሁን በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ስለተሠራ አንዳንዴ ይቆጨኛል፣ ዳገቱን ሳስብ ደግሞ ይተወኛል። ባጃጅም ዳር ዳሩን ካልሆነ ዋና መንገድ ላይ አታገኙም።

ራይድ፣ ፈረስ፣ ያንጎ የሚባሉት የታክሲ መጥሪያ አፖች ስልካችሁ ላይ ይኑሩ፤ ግን ለየቀኑ ሳይሆን ለመሸበት፣ ለታመመ ሰውና ለከባድ ዕቃ። ኢንተርኔት ከሌላችሁ ራይድን 8294 ደውሎ መጥራት ይቻላል። ዝናብ ሲጥል ዋጋው ይወጣል፣ ታክሲውም ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ካፌ ገብታችሁ አንድ ማኪያቶ ይዛችሁ አርባ ደቂቃ ብትቆዩ ከሰልፉ ጋር እኩል ነው የምትደርሱት። ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ወደ እናንተ አቅጣጫ የሚሄድ ካለ አንድ ራይድ ለሦስት ተካፍሎ መሄድ ደግሞ ከታክሲ ብዙም አይርቅም።

የመጨረሻው ነገር፣ የምትወርዱበትን ቦታ ረዳቱ በሚያውቀው ስም እወቁት። ካርታ ላይ ያለው ስምና ሰው የሚጠራው ስም ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ "ከማደያው አለፍ ብሎ"፣ "ቤተ ክርስቲያኑ ጋ" የሚባለው ነው የሚሠራው። ሲደርሱም ጮክ ብሎ "ወራጅ አለ!" ነው። እኔ ሳሪስ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አፍሬ በለሆሳስ አልኩና ቃሊቲ ደርሼ ሌላ ታክሲ ይዤ ተመለስኩ።